ትምህርት 11፦ የፊልም ሂስና የመጽሔት ገጽ አዘገጃጀት

መግቢያ

ባለፈው ትምህርት የመጽሐፍ ሂስ እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ስለ ፊልም የሚጻፈውን ሂስና ሂሱ በመጽሔት ገጽ ላይ የሚቀመጥበትን ሥርዓት ታጠናላችሁ። ሁለቱ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው የተጠራጠረበትን ስፍራ ገልጦ ዳግመኛ ሊያነበው፣ ቃሉንም እንዳለ ሊጠቅሰው ይችላል። ፊልም ግን በዐይን ፊት ሮጦ የሚያልፍ ነገር ነው። ዛሬ ፊልምን በስልክ እያቆሙ ደጋግሞ ማየት ቢቻልም፣ የሂሱ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ ፊልሙን ገና አላየውም። ሐያሲው ለእርሱ ዐይን ሆኖ የቆመ ሰው ነውና ያየውን ካላየው፣ ያየውንም ከሰማው ለይቶ እንዲናገር ይጠበቅበታል። «ፊልሙ በጣም ደስ ይላል፤ ሁላችሁም እዩት» ብሎ የሚያበቃ ጽሑፍ ሂስ አይባልም፤ ማስታወቂያ ነው፤ ለዚያውም ያልተከፈለበት።

ለምሳሌ የመረጥነው ፊልም ተዋናይ የለበትም። ከአገራችን ፊልሞች «ሂሩት አባቷ ማን ነው»ን ወይም የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እና «ጤዛ»ን ብንወስድ ሥራው ይቀለን ነበር። ሆኖም ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርብ አንድ ዘጋቢ ፊልም አለ። የተቀረጸው በወሎ ነው፤ በውስጡ የሚታዩትም የወሎ ሰዎች ናቸው። ይህ ፊልም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት አገር፣ በሁለት ዓይነት ቅንብር ታይቷል። ሐያሲ ዐይኑን ገልጦ ካልተመለከተ ምን እንደሚያመልጠው ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሀ. የፊልሙ ታሪክ

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ጽኑ ረሃብ ነበር። በተለይ በምሥራቁ ቆላማ ክፍል ዝናብ በመቅረቱ ገበሬውና ከብት አርቢው በመጀመሪያ ከብቱን፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃውን እየሸጠ ቆየ፤ የሚሸጠው ባለቀ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው መንገድ የረሃብተኞች መሰብሰቢያ ሆነ። በ1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ የሄዱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዘው ተመልሰው ለተማሪዎቻቸውና ለባልደረቦቻቸው አሳዩ። መንግሥት ግን ነገሩ በይፋ እንዲነገር አልፈቀደም።

ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወደ ወሎ መጥቶ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴምስ ቴሌቪዥን ታየ። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ያልታወቀው ረሃብ» ማለት ነው። በመጠለያ የተሰበሰቡ እናቶችንና ሕፃናትን፣ በረሃብ የደቀቁ ሽማግሎችን፣ ለቀብር የተዘጋጁ አስከሬኖችን ያየው የእንግሊዝ ሕዝብ ገንዘብ ማዋጣት ጀመረ። ነገሩም ከዚያ ወዲያ ሊሸሸግ የማይችል ሆነ።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ይኸው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የቀረበው ግን ለንደን ላይ እንደታየው አልነበረም። በረሃብተኞቹ ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ የሚያሳዩ፣ በሌላ ጊዜና በሌላ ሰው የተቀረጹ ሥዕሎች እየተሰኩ ገብተውበታል። ባዶ እጁን የዘረጋ ሕፃን ይታያል፤ ወዲያው በምግብና በመጠጥ የተሞላ ገበታ ይከተላል። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ።

በዚያ ዘመን የቴሌቪዥን መቀበያ እንኳን በገጠር በከተማም ብርቅ ዕቃ ነበር። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት የወሎ ገበሬዎች ራሳቸውን በፊልሙ ያዩበት ዕድል እጅግ ጠባብ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ለ. ቅንብር ምን ይሠራል?

ካሜራ የሚቀርጸው ቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጮቹን መርጦ፣ ቆርጦ፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ የሚቀጥለው ሰው አቀናባሪ ይባላል። የቅንብርን ኃይል ለመረዳት ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። «ሕፃኑ አለቀሰ።» «እናቲቱ ወጣች።» እያንዳንዱ ብቻውን ሲነበብ ምንም አያከራክርም። ተከታትለው ሲነበቡ ግን አንባቢው በመካከላቸው «ስለ» የሚለውን ቃል ሳይጻፍ ያነበዋል፤ አንዱ እናቲቱ ስለ ወጣች ሕፃኑ አለቀሰ ይላል፤ ሌላው ሕፃኑ ስላለቀሰ እናቲቱ ወጣች ይላል። ፊልምም እንዲሁ ነው። የማይታየውን «ስለ» የሚጽፈው ተመልካቹ ነው፤ እንዲጽፍ የሚገፋፋው ግን አቀናባሪው ነው።

በመስከረም 1 ቀን 1967ቱ ቅንብር ውስጥ የረሃቡ ሥዕል እውነት ነው። የግብዣውም ሥዕል እውነት ነው። ሐያሲ አንዱንም ሐሰት ነው ሊል አይችልም። ሊጠይቅ የሚገባው እነዚህን ሁለት እውነቶች በአንድ ሪባን ላይ ማን አስቀመጣቸው? ለምንስ በዚያች ማታ? የሚለውን ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ለንጉሡ መንግሥት ጥብቅና መቆም አይደለም፤ ረሃቡ ሲሸሸግ መቆየቱ በፊልምም ያለ ፊልምም የተረጋገጠ ነገር ነው። ፊልሙን ለሥልጣኑ የተጠቀመበት ደርግ ራሱ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ወሎ እንደገና በተራበችበት ወቅት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሯል። በዚያው ዓመት ጥቅምት 13 ቀን ማይክል ቡርክ የተባለው የቢቢሲ ዘጋቢና መሐመድ አሚን የተባለው ካሜራ አንሺ በኮረም የቀረጹት ሥዕል ለዓለም ታየ። የ1967ቱ አቀናባሪ ቢጠየቅ የትኛውን ግብዣ ከየትኛው ረሃብ ጋር እንደሚቀጥል አንባቢው ራሱ ያስበው።

ሐ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

«ያልታወቀው» የሚለውን ቃል እንበትነው። የ + አል + ታወቀ + ው። «የ» ግሡን ቅጽል ያደርገዋል፤ «አል» አሉታን ያመጣል፤ «ታወቀ» ከ«ዐወቀ» የተገኘ ተደራጊ ግሥ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ው» ደግሞ ነገሩ በተናጋሪውና በሰሚው ዘንድ የታወቀ መሆኑን የሚያመለክት ምዕላድ ነው። ስላልታወቀ ነገር ሲነገር የታወቀ ነገር ምልክት መጨመሩን ልብ በሉ። ቋንቋችን እንዲህ ባለው ስፍራ ከተናጋሪው ይልቅ እውነተኛ ይሆናል።

አድራጊ ግሥ ባለቤቱን ይናገራል፤ «ዐወቀ» ስንል ማን? ብለን ሳንጠይቅ አናልፍም። ተደራጊ ግሥ ግን ድርጊቱን አስቀምጦ አድራጊውን ሊሸሽገው ይችላል። «ረሃቡ አልታወቀም» ብሎ የጻፈ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፤ ነጥብ አግብቶ መሄድ ይችላል። ነገር ግን ማን ነው ያላወቀው? በአውራ ጎዳናው ዳር የሰፈረው ገበሬ ዐውቋል። የደሴ ነጋዴ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር፣ የተማሪ ቤቱ ዘበኛ ዐውቀዋል። ፎቶግራፍ ያነሡት መምህራን ዐውቀዋል። የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንትም አላወቁም ማለት ያስቸግራል። ያላወቀው በለንደን ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የተቀመጠው ሰው ነው። ርእሱ የተሰጠው በእርሱ በኩል ሆኖ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ሐረጎች አነጻጽሩ፤ «ያልታወቀው ረሃብ»፣ «ያልተነገረው ረሃብ»፣ «ያላሳወቁት ረሃብ»። የመጀመሪያው ጥፋተኛ የለውም። ሁለተኛው አንድ ሊናገር የሚገባው ሰው እንደ ነበረ ያሳስባል፤ ስሙን ግን አይጠራም። ሦስተኛው «አሳወቀ» ከሚለው አስደራጊ ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ እያወቁ ዝም ያሉ ሰዎች እንዳሉ ይናገራል። በሦስቱ መካከል ያለው የሆሄ ልዩነት ጥቂት ነው፤ የፍርድ ልዩነቱ ግን የሰው ሕይወት ያህል ነው። ስለዚህ በሂስ ውስጥ ተደራጊ ግሥ ስትጽፉ አድራጊው በእውነት ስለማይታወቅ ነው ወይስ ለመጠየቅ ስለ ሰነፋችሁ? ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ይህን ትምህርት ያዘጋጀው መምህር ባረማቸው ደብተሮች ሁሉ ከፊደል ግድፈት ይልቅ ይህ ስሕተት ይበዛ ነበር።

መ. ከመጻፍ በፊት የሚደረግ ጥናት

በመጀመሪያ ከትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት የቆዩ ጋዜጦችንና መጽሔቶችን ተመልከቱ። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው «አዲስ ዘመን»፣ እንዲሁም «መነን» እና «የካቲት» የተባሉት መጽሔቶች ከተገኙ ገጾቻቸው እንዴት እንደ ተከፋፈሉ፣ ሥዕልና ጽሑፍ ምን ያህል ስፍራ እንደ ያዙ በማስመሪያ እየለካችሁ መዝግቡ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ፊልሙን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ። በመጀመሪያው ጊዜ እስክሪብቶ አትያዙ። በሁለተኛው ጊዜ የደብተራችሁን ገጽ ለሁለት ከፍላችሁ በግራ «ያየሁት»፣ በቀኝ «ያሰብሁት» ብላችሁ ጻፉ። «ሴትዮዋ ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች» በግራ ይጻፋል። «ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣለች» በቀኝ ይጻፋል፤ ተስፋ መቁረጥ በካሜራ አይቀረጽምና።

ከዚያ በኋላ ሰው መጠየቅ ይከተላል፤ ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሽማግሎች ዘመኑን «የስልሳ ስድስቱ» ብለው ይጠሩታል፤ «የሰባ ሰባቱ» ከሚሉት ጋር እንዳይቀላቀልባችሁ ዓመቱን ደጋግማችሁ አረጋግጡ። የኮምቦልቻ ልጆች ሐረጎን ወጥተው ደሴ ድረስ መሄድ አያሻቸውም፤ መንገዱ በደጃቸው ያልፋል፤ በባቲ በኩል ወደ ዐሰብ የሚወስደውም የሚገነጠለው ከዚያው ከኮምቦልቻ ነው። በቡና ሰዓት ከሄዳችሁ አቦሉ ተጠጥቶ፣ የቤቱ ሰው ጤና ተጠይቆ ሳያበቃ ወሬ አትጀምሩ። «እማማ፣ ረሃቡ እንዴት ነበር?» ብሎ መጠየቅ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። «እማማ፣ ያን ጊዜ እርስዎ የት ይኖሩ ነበር? በዚህ መንገድ ላይ ምን ያዩ ነበር?» ቢባል ግን የሚታወስ ነገር ይመጣል። አባባ ወይም እማማ ዝም ካሉ ዝምታቸውን አክብራችሁ ወሬውን ወደ ሌላ አዙሩ። የምትጠይቁት ሰው ምናልባት በዚያ ዘመን ወንድም ወይም ልጅ የቀበረ ሊሆን ይችላል፤ የናንተ ድርሰት ነጥብ ከዚያ አይበልጥም።

ቁጥር ስትጠቅሱም ተጠንቀቁ። በወሎ ስለ ሞተው ሕዝብ ከ40,000 እስከ 200,000 የሚለያዩ ግምቶች ተጽፈዋል። አንዱን መርጦ «200,000 ሰው ሞተ» ብሎ መደምደም ጽሑፉን ያሞቀዋል እንጂ አያስታምነውም። «ግምቱ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል» ማለት ደግሞ ጽሑፉን አያቀዘቅዘውም።

ሠ. የገጹ ንድፍ

ገጹን ከመሙላታችሁ በፊት በባዶ ወረቀት ላይ በእርሳስ ንድፍ አውጡ። አንድ ገጽ በሦስት ዐምድ ቢከፈል ለንባብ ይመቻል። ርእሱ ከላይ ይሆናል፤ የፊልሙን ስም መልሶ የሚጽፍ ሳይሆን የሐያሲውን ጥያቄ የሚይዝ ርእስ ይመረጣል። በአንድ ዐምድ ግርጌ ትንሽ ሣጥን ሠርታችሁ የፊልሙን ስም፣ የሠሪውን ስም፣ የታየበትን ዓመትና ቋንቋውን አስገቡበት፤ እነዚህን በጽሑፉ ውስጥ መበተን አንባቢን ያደክማል።

ሥዕሉን በተመለከተ አንድ አከራካሪ ነገር አለ። ብዙ ተማሪዎች ከፊልሙ ውስጥ እጅግ የሚያሰቅቀውን፣ ሊሞት የተቃረበ ሕፃን የሚታይበትን ሥዕል መርጠው የገጹን ግማሽ ያለብሱታል። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በዚህ አይስማማም። በለንደን የሚታተም ገጽ ቢሆን ኖሮ ያ ሕፃን ለአንባቢው ማንም ነበር። በደሴ በሚታተም ገጽ ላይ ግን እኅቱ ወይም የእኅቱ ልጅ አንባቢ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ይልቅ መንገዱን ዛሬ እንዳለ ብታነሡት፣ ወይም የጦሳን ተራራ ሥር የያዘችውን ከተማ ብትሥሉ ለገጹም ለአንባቢውም ይስማማል። ከሥዕሉ በታች የሚጻፈው መግለጫ ቦታውንና ዓመቱን ብቻ ይናገር። ያላወቃችሁትን ሰው ስም አትስጡት፤ «ተስፋ የቆረጠች እናት» የሚል መግለጫም ቀደም ሲል ባየነው የቀኝ ገጽ ላይ ይቆይ።

ረ. ምሳሌ

ቀጥሎ ያለው በአንድ ገጽ ላይ ሊወጣ የሚችል አጭር ሂስ ነው። ጉድለት የሌለው አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ በመልመጃው ትመለሱበታላችሁ።

ለማን ያልታወቀ?

ፊልሙ፦ «ያልታወቀው ረሃብ»፣ ዘጋቢ ፊልም። ዘጋቢው፦ ጆናታን ዲምብልቢ። የታየበት፦ እንግሊዝ አገር፣ 1966 ዓ.ም.። ቋንቋው፦ እንግሊዝኛ።

ይህ ፊልም ስሙን የተዋሰው ከተመልካቾቹ እንጂ ከባለታሪኮቹ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወሎ ረሃብ ለለንደን እንግዳ ነበር፤ ለወሎ ግን ካስተናገደችው ወራት አልፈውት ነበር። የፊልሙ ትልቅ ሥራ ካሜራውን ከረሃብተኞቹ አጠገብ አቁሞ፣ ሊታዩ አይገባም የተባሉትን ሰዎች ማሳየቱ ነው። ይህ በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በፊልሙ ምክንያት የመጣው እርዳታ የታደገው ሕይወት አለና ውለታውን መካድ አይገባም።

ሆኖም የሚተርክልን እንግሊዛዊው ነው፤ የሚተረክላቸውም እንግሊዞች ናቸው። ወሎዬው በራሱ ቋንቋ ለራሱ ሰው የሚተርክበት ፊልም ቢሆን ኖሮ ከየት ይጀምር ነበር? ምናልባት ከመጠለያው ሳይሆን ከእርሻው፣ ዝናቡ ከቀረበት ቀን፣ የመጨረሻው በሬ ከተሸጠበት ገበያ ይጀምር ይሆናል።

ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ ቅንብር በአገራችን ታየ። በመካከሉ የገባው የቤተ መንግሥት ግብዣ የተመልካቹን ቁጣ ቀሰቀሰ። ቁጣው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ቅንብርም እንደ መጀመሪያው ረሃብተኛውን ለሌላ ጉዳይ ምስክር አድርጎ አቆመው፤ በለንደን ለምጽዋት፣ በአዲስ አበባ ለሥልጣን። ስሙን የጠየቀው አልተገኘም።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ተደራጊ ግሦች ወደ አድራጊ ለውጡ። ባለቤቱን ከምንባቡ ፈልጋችሁ አስገቡ፤ በምንባቡ ካልተገኘ «ማን?» ብላችሁ ጻፉ እንጂ ከራሳችሁ አትፍጠሩ።
ሀ. ረሃቡ ተሸሸገ። ለ. ፎቶግራፎቹ ታዩ። ሐ. ፊልሙ ተቆረጠ፤ ሌላም ተቀጠለበት። መ. ገንዘብ ተዋጣ።

2. በምሳሌው ሂስ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አልተገኘም» የሚል ግሥ ይገኛል። ሐያሲው በክፍል ሐ የተነቀፈውን ስሕተት እርሱ ራሱ ፈጽሟልን? ደግሞስ ስማቸውን የጠየቀ ሰው አለመኖሩን ፊልሙን በማየት ብቻ ማወቅ ይቻላልን? ዓረፍተ ነገሩን ልታምኑበት በምትችሉት መንገድ አስተካክላችሁ ጻፉት።

3. አራት አራት ሆናችሁ በመቧደን በመረጣችሁት ማናቸውም ፊልም ላይ አንድ ገጽ አዘጋጁ። ጽሑፉ ከ400 ቃላት አይብለጥ። አንዱ ተማሪ ንድፉን፣ አንዱ ጥናቱን፣ ሁለቱ ጽሑፉን ይያዙ። «ያየሁት» እና «ያሰብሁት» ብላችሁ የከፈላችሁትን ደብተር ከገጹ ጋር አያይዛችሁ ለመምህራችሁ አቅርቡ።

4. በአካባቢያችሁ ያን ዘመን የሚያስታውሱ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አነጋግሩ። የነገሯችሁን ሳታሳጥሩ ጻፉና መልሳችሁ አንብቡላቸው። «እንዲህ አላልሁም» ያሉትን ሁሉ አስተካክሉ።